የእንጨቱና የብርሃን አሳላፊው ፕላስቲክ ድርሻ በሕንፃ አምሳያ

የሕንፃ አምሳያ ገና ያልቆመውን ቤት በጠረጴዛ ላይ አሳንሶ የሚያሳይ ሥራ ነው። ፕላን ማንበብ ያልተማረ ሰው እንኳ በአምሳያው ፊት ቆሞ ስለ ሕንፃው ሐሳቡን ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ አምሳያ የአዳራሽ ጌጥ ሳይሆን የምክር መሣሪያ ነው እንላለን። ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የተቋቋመው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ፥ በሐዲያና በከምባታ ከተሞች ስለሚቆሙት ሕንፃዎች የሚመክር ሁሉ በአምሳያ ላይ መፍረድን ሊለምድ ይገባዋል።

በዚህ ጥበብ እንጨት ቀዳሚው ነው። እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ሬን ለለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል በ1673ና በ1674 እ.ኤ.አ. ያሠራው የባሉጥ እንጨት አምሳያ ርዝመቱ ከ6 ሜትር ይበልጣል፤ ዕቅዱ ሳይፈጸም ቢቀርም አምሳያው እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይኖራል። ብርሃን አሳላፊው ፕላስቲክ ግን የቅርብ ጊዜ እንግዳ ነው። በ1933 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ፕሌክሲግላስ በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ክብደቱ የመስተዋትን ግማሽ ያህል ሲሆን፥ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶው 92 ያህሉን ያሳልፋል። ስሱን ገበታ በስለት ጠለቅ አድርገው ከጫሩት በጭረቱ ላይ ይሰበራል። ነገር ግን ተራው ፈጣን ማጣበቂያ ጭጋግ ያለብሰዋል፤ የሠራተኛው ትዕግሥትም የሚታወቀው በመጋጠሚያው ነው።

ሁለቱ ዕቃዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ለምሳሌ የሐዲያንና የከምባታን ነባር ቤት እንውሰድ። ክብ ነው፤ ጣራው ሣር ነው፤ ዙሪያውን እንሰት ከቦታል፤ ሰውና ከብትም በአንድ ጣራ ሥር ያድሩበታል። ይህን ቤት በገለባ ብቻ አሳንሶ የሚሠራ ሰው ቅርጹን ያሳየናል እንጂ ውስጡን አያሳየንም። ሁሉንም በፕላስቲክ የሚሠራው ደግሞ ውስጡን ያሳየናል፤ ነገር ግን ጣራውን የተሸከመው ምን እንደ ሆነ አይነግረንም። የተሻለው መንገድ ምሰሶውን፥ ማገሩንና ወራጁን ከእንጨት ሠርቶ፥ የጣራውን ግማሽ ብቻ ስስ ፕላስቲክ ማልበስ ነው። በ20 እጅ ሲያንስ 8 ሜትር ስፋት ያለው ቤት 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ 1 ሜትር ከ70 የሚሆነው ባለቤቱም 8 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሆኖ በደጁ ይቆማል። እንግዲህ የሚሸከመው በእንጨት፥ ዓይን የሚገባበት በፕላስቲክ ይሁን።

ዛሬ የምንነቅፈው ፕላስቲኩ ከዚህ ድርሻው አልፎ የማባበያ ዕቃ ሲሆን ነው። በአምሳያ ላይ ያለ የመስተዋት ግድግዳ አቧራ አይነካውም፤ ዝናብ አይመታውም፤ ፀሐይም አታቃጥለውም። ተመልካቹም ማብረቅረቁን እንደ መልካምነት ይቈጥረዋል። ሆሳዕና ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ተኩል ያህል ርቃ የምትገኝ ስለሆነች፥ የቀትር ፀሐይ በሰኔ ወደ ሰሜን፥ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ጧትና ማታ ደግሞ ምሥራቁንና ምዕራቡን ፊት ትመታለች። የነባሩ ቤት ክፈፍ ዝቅ ብሎ መውረዱ ለፀሐዩም ለዝናቡም የተሰጠ መልስ ነው። ክፈፍ የሌለው የመስተዋት ሕንፃ መልሱ ምንድን ነው?

ይህን ለማወቅ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። አንድ መብራት በአምሳያው ዙሪያ በፀሐይዋ መንገድ ቢያዞሩ ጥላው የት እንደሚወድቅና የትኛው ክፍል እንደሚግል ይታያል። አምሳያ የሚቀርብላቸው ሹማምንት ይህን እንዲጠይቁ፥ ተማሪዎችም ይህን ለማሳየት እንዲሠሩ እንመክራለን። በጠረጴዛው ላይ ያልተጠየቀውን ጥያቄ በኋላ በሚግለው ክፍል ውስጥ የሚመልሱት መምህሩና ተማሪው፥ ጸሐፊውና ባለጉዳዩ ናቸውና።