የስህተት ሚዛን፦ የእንግሊዝኛና የዐረብኛ የስህተት ቃላትና ፈሊጦች ሂሳዊ ንጽጽር

በሁለት ቋንቋ የሚዘጋጁ የፈሊጥ ዝርዝሮች አንድ የጋራ ልማድ አላቸው። የእንግሊዝኛውን በአንድ ዓምድ፣ የዐረብኛውን በሌላው ያሰፍሩና ሁለቱ እኩል እንደሆኑ ቆጥረው ያልፋሉ። ነገሩ ስለ ዝናብ ወይም ስለ ገበያ ሲሆን ጉዳቱ ብዙም አይጎላም። ስለ ስህተት ሲሆን ግን ይጎላል። «ተሳስተሃል» የሚለው ቃል ነገሩ እውነት አለመሆኑን ብቻ ሳይሆን ተናጋሪው ምን ያህል ተወቃሽ እንደሆነም ይናገራልና። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፦ ሁለቱ ቋንቋዎች ስለ ስህተት የሚጠቀሙባቸው ምስሎች በእጅጉ ይቀራረባሉ፤ የወቀሳውን ክብደት የሚያስቀምጡበት ቦታ ግን ይለያያል። ዐረብኛ በቃሉ ቅርጽ ውስጥ፣ እንግሊዝኛ ደግሞ በቃሉ ዙሪያ ባለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያስቀምጡታል። ስለዚህ አቻ መፈለግ ያለበት በምስል ሳይሆን በወቀሳ መጠን ነው።

የጋራ ምስሎች

የእንግሊዝኛው «ሮንግ» ከጥንታዊ ኖርስ የመጣ ሲሆን መነሻው ጠማማ ማለት ነው። «ኤረር» ከላቲን፣ መባዘንና መንገድ መሳት ከሚል ግሥ የተገኘ ነው። በአማርኛ ንግግር ሳይቀር የተለመደው «ሚስቴክ» ደግሞ ከኖርስ ገብቶ ያልሆነውን መውሰድን ያመለክታል። መጥመም፣ መባዘን፣ ያልሆነውን መያዝ፤ በዐረብኛም እነዚህ ሁሉ አሉ። «ኸጠእ» የሚለው ዋናው ቃል ከወጣበት ሥር የተገኘው ግሥ ቀስት ዒላማውን ሳተ ለማለትም ያገለግላል፤ እንግሊዝኛውም ከዒላማ ስለ መራቅ የሚናገር ፈሊጥ ከቀስት ውርወራ ወርሷል።

ይህ ሥር ለአማርኛ አንባቢ ባዳ አይደለም። በግእዝ «ኀጥአ» ማጣትንም መበደልንም ይገልጻል። ከዚያው ሥር አማርኛ «አጣ»ንም «ኃጢአት»ንም ወርሷል፤ በዕብራይስጥም አቻው ዒላማ መሳትና መበደል ነው። መሰናከልም የጋራ ምስል ነው። ዐረቦች ፈረስ ሁሉ የሚደናቀፍበት ጊዜ አለው፣ ሊቅ ሁሉ የሚያዳልጠው ጊዜ አለው ይላሉ። ምስል ብቻውን በቂ ቢሆን ኖሮ የተርጓሚ ሥራ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር።

በቃሉ ቅርጽ ውስጥ ያለ ፍርድ

የጥንት የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ሊቃውንት ከአንድ ሥር የወጡ ሁለት ቃላትን ይለያሉ። «ሙኽጢእ» ትክክለኛውን ፈልጎ ሌላ ላይ የወደቀ ሰው ነው፤ «ኻጢእ» ግን ማድረግ የማይገባውን አውቆ ያደረገ ነው። የቁርኣን አጠቃቀም ይህን ልዩነት ይደግፋል። በአን-ኒሳእ ምዕራፍ አንቀጽ 92 ሳያስቡ ሰው ስለ መግደል ሲነገር ቃሉ «ኸጠእ» ነው፤ መዘዙም ባሪያ ነፃ ማውጣትና የደም ካሣ፣ ነፃ የሚያወጣው ላላገኘ ደግሞ የሁለት ተከታታይ ወራት ጾም ነው። በአል-ኢስራእ ምዕራፍ አንቀጽ 31 ድህነትን ፈርቶ ልጅን ስለ መግደል ሲነገር ግን ቃሉ «ኺጥእ» ይሆናል። የዩሱፍ ወንድሞችም ለአባታቸው ሲናዘዙ (12፥97) ራሳቸውን የጠሩት «ኻጢኢን» ብለው ነው። ሥሩ አንድ ሆኖ ሳለ የአናባቢ ለውጥ ብቻ ሳያውቅ ያጠፋውን አውቆ ከበደለው ይለያል።

አቡ ሂላል አል-ዐስከሪ በቃላት ልዩነት ላይ በጻፈው መጽሐፉ ሌላ ድንበር ያሰምራል። ለእሱ «ገለጥ» ነገርን ያለ ቦታው ማስቀመጥ በመሆኑ ነገሩ በራሱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ «ኸጠእ» ግን በምንም መንገድ ትክክል ሊሆን አይችልም። ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ የንግግርን ስህተት «ገለጥ»፣ የሒሳብን ስህተት «ገለት» ብለው በአንድ ፊደል ለይተዋል። በመዘንጋት የሚመጣው «ሰህው» የራሱ ሥርዓት አለው፤ በሶላቱ ውስጥ የዘነጋ ሰው ሁለት ሱጁድ ወርዶ ይጠግነዋል።

ይህ ሁሉ ድንበር በሕያው ንግግር ሁልጊዜ ይጠበቃል ማለት አይደለም። ከቀደምት ሊቃውንት አቡ ዑበይዳ «ኻጢእ» እና «ሙኽጢእ» የወጡባቸውን ሁለት ግሦች አንድ ትርጉም ያላቸው የአነጋገር ልዩነቶች አድርጎ ወስዷቸዋል። በዛሬው የግብፅ፣ የሻም (የሶርያና የአካባቢዋ) እና የባሕረ ሰላጤ ንግግርም «ገለጥ» ብዙውን ሸክም ብቻውን ተሸክሟል፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን በየቀኑ የሚሰሙትም ይህንኑ ነው። የመዝገበ ቃላቱ ንጽሕና በከፊል የሊቃውንት ፍላጎት ውጤት መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ያም ሆኖ ክፍፍሉ ከመጽሐፍ አልፎ ተቋም ሆኗል፤ አብዛኞቹ የእስልምና ሕግ ሊቃውንት የሰው ግድያን ሆነ ተብሎ የተደረገ፣ ለዚያ የቀረበና በስህተት የተደረገ ብለው በሦስት ሲከፍሉ የማሊኪ ሊቃውንት የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ብቻ ይቀበላሉ። ሆነ ብሎ መግደልን ሳያስቡ ከመግደል የሚለይ የዐረብኛ የሕግ አነጋገር ወደ እኛም ደርሷል። ፍትሐ ነገሥት የግብፁ ክርስቲያን ሊቅ አስ-ሰፊ ኢብን አል-ዐሳል በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዐረብኛ ካዘጋጀው ሥራ ወደ ግእዝ የተመለሰ ነውና።

ስህተት ደመወዝ ሲኖረው

የዐረብኛው የስህተት ቋንቋ ከወቀሳ በተቃራኒው ጫፍም ይሠራል። በቡኻሪና በሙስሊም በተመዘገበው ታዋቂ ሐዲስ መሠረት ዳኛ አቅሙን አሟጥጦ መርምሮ ትክክል ከፈረደ ሁለት ምንዳ፣ ከተሳሳተ አንድ ምንዳ አለው። ከዚህ ተነሥቶ ረጅም ክርክር ተካሄደ። ብቁ መርማሪ ሁሉ ትክክል ነው የሚሉት «ሙሶዊባ»፣ ከተለያዩት መልሶች ትክክሉ አንድ ነው የሚሉት «ሙኸጢአ» ተባሉ። ሁለት የሊቃውንት ወገኖች በ«ትክክል» እና በ«ስህተት» ስም መጠራታቸው ጉዳዩ ምን ያህል በጥልቀት እንደታሰበበት ያሳያል።

በሰዋስው ዓለም ግን ምሕረቱ ያን ያህል አልነበረም። በኸሊፋው ሃሩን አር-ረሺድ ዘመን በባግዳድ፣ በቪዚሩ በበርመኪው በየሕያ ፊት፣ የባስራው ሲበወይህ ከኩፋው አል-ኪሳኢ ጋር እንደተከራከረ ይተረካል። ክርክሩ ስለ ጊንጥና ስለ ተርብ ንድፊያ በሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ያለው ተውላጠ ስም የባለቤት ነው ወይስ የተሳቢ ሙያ የሚይዘው የሚል ነበር። ዳኛ እንዲሆኑ የተጠሩት የበረሃ ዐረቦች ለአል-ኪሳኢ መሰከሩ፤ ሲበወይህም ተሸንፎ ወጣ። የኋላ ሰዋስው ሊቃውንት ግን በአብዛኛው ለተሸናፊው ፈርደዋል። ስህተት ነው ተብሎ መፈረድና መሳሳት ለየቅል መሆናቸውን ይህ ትረካ በግልጽ ያሳያል።

እንግሊዝኛ ወቀሳውን የት ያስቀምጣል?

በእንግሊዝኛ «ሮንግ» የሒሳብ መልስንም ግፍንም እኩል ያገለግላል። ሚዛኑ የሚመጣው ከጎኑ ነው። «ሂ ኢዝ ሮንግ» ሐሳቡ ትክክል አይደለም ማለት ሲሆን፣ አንድ መስተዋድድና አንድ መጠቆሚያ ተጨምሮ «ሂ ኢዝ ኢን ዘ ሮንግ» ሲባል ጥፋተኛው እሱ ነው ማለት ይሆናል። «ሚስቴክ» ሠሪውን ነፃ እንዲያወጣ «ኦነስት» የሚል ቅጽል ይፈልጋል፤ ዐረብኛው «ሙኽጢእ» ግን ያንን ቅንነት በራሱ ይዟል። የሁለቱ ቋንቋዎች ልዩነት በዚህች አንዲት ጥንድ ውስጥ ተጠቃሎ ይታያል።

ፈሊጦቹም ሚዛን ተሸካሚ ናቸው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ አዳኞች የመጣው «ባልሆነ ዛፍ ሥር መጮኽ» ውሻውን አያዋርድም፤ አሳዳጅነቱ እውነት ነው፣ የሳተው ዛፉን ብቻ ነው። ስህተትን ስለማመን የሚናገሩት ግን መራራ ናቸው። ሰውየው ቃሉን ይበላል፣ ቁራ ይበላል፣ ወይም በአጋዘን ሆድ ዕቃ ከተሠራ ምግብ ስም ጋር የተጫወተውን የትሕትና ኬክ ይበላል። በዐረብኛ ለዚህ የሚሠራበት የተለመደ ግሥ መመለስን የሚያመለክት ነው፤ ለኸሊፋ ዑመር የሚሰጠው የዳኝነት ደብዳቤም የትናንት ፍርድ ወደ እውነት ከመመለስ እንዳያግድ ይመክራል። አንዱ ማመንን ውርደት፣ ሌላው መመለስ አድርጎ ይስለዋል።

ዓረፍተ ነገሩም ወቀሳውን ሊያጠፋው ይችላል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በ1987 እ.ኤ.አ. ለኮንግረሱ ባደረጉት ንግግር ለኢራኑ የጦር መሣሪያ ሽያጭ ጉዳይ ክሽፈት ኃላፊነቱን በራሳቸው ስም ወሰዱ፤ ስለ ስህተቶቹ ሲናገሩ ግን ተገብሮ ግሥ ተጠቀሙና ሠሪው ከዓረፍተ ነገሩ ወጣ። የዐረብኛ ሰዋስው ይህን ቅርጽ የሚጠራው «ለማይታወቀው የተገነባ» ብሎ ነው። የዛሬው የዐረብኛ ጋዜጣ ደግሞ «ተመ» በሚል ረዳት ግሥ ስህተት «መፈጸሙን» ብቻ ይዘግባል፤ ብዙ የቋንቋ ተቺዎች ይህን ልማድ የትርጉም ተጽዕኖ ብለው ይነቅፉታል። የአማርኛ መግለጫ አንባቢም «ክፍተቶች ታይተዋል» ከሚለው አባባል ይህንኑ ስልት ያውቀዋል።

ፍርድ

እንግዲህ «ባልሆነ ዛፍ ሥር መጮኽ» ለሚለው «ኸብጥ ዐሽዋእ»ን ማለትም በጨለማ የማታይ ግመል አረጋገጥን አቻ ማድረግ ስህተት ነው። ሁለቱም እንስሳና የሳተ ጉዞ አላቸው፤ የዐረብኛው ግን ያለ ማስተዋል መንቀሳቀስን ይወቅሳል፣ የእንግሊዝኛው አይወቅስም። «ያልሆነ በር ማንኳኳት» ምንም እንስሳ ባይኖርበትም ሚዛኑ ትክክል ነው። «ጋሪን ከፈረስ ማስቀደም» ደግሞ እንዳለ ወደ ዘመናዊው ዐረብኛ ገብቷልና ክርክር አያሻውም።

የአማርኛ–ዐረብኛ መዝገበ ቃላት ለሚያዘጋጁ ሰዎች ሥራው ግልጽ ነው። አማርኛ ስህተት፣ ጥፋት፣ በደልና ኃጢአት የሚሉ ደረጃዎች ስላሉት ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለዐረብኛው ክፍፍል ይቀርባል። «ኸጠእ»ን በ«ስህተት»፣ «ኺጥእ»ን በ«ኃጢአት» ለመፍታት በእንግሊዝኛ በኩል መዞር አያስፈልግም፤ በዚያ በኩል የዞረ ሁሉ የሚያገኘው «ሮንግ» ነው፣ እሱም ሁለቱን አይለይም።