ያለቀው መሮ፦ አንድ የእንጨት ሥራ መጽሐፍ ስላላየው ነገር

ከወንበሬ ጀርባ ግድግዳው ላይ አንድ አሮጌ የስታንሌይ መላጊያ ተሰቅሏል። ያገኘሁት ምናለሽ ተራ ነው። ሻጩ እንደ ቁርጥራጭ ብረት በእጁ መዘን አድርጎ ዋጋ ሲጠራልኝ፣ እኔ ውጭ አገር ያሉ ሰብሳቢዎች ለእንደዚህ ዓይነቱ ምን ያህል እንደሚከፍሉ እያሰብኩ ደስታዬ ፊቴ ላይ እንዳይታይ ስታገል ነበር። ቤት አምጥቼ ዝገቱን አራገፍኩ፣ ዘይት ቀባሁት፣ ሰቀልኩት። የቪዲዮ ስብሰባ ላይ ባልደረቦቼ ሲያዩት ይጠይቁኛል። እኔም ሊዮናርድ ቤይሊ ስለሚባል ሰው፣ ስታንሌይ እ.ኤ.አ. በ1869 የእሱን የመላጊያ ሥራ እንዴት እንደገዛው፣ ምላጩን ከፍና ዝቅ የምታደርገው ትንሽ የነሐስ ቡሎን ለምን ብልህ እንደሆነች እተርካለሁ። ጥሩ ተራኪ ነኝ።

አንድ ቀን አባቴ ቤቴ መጣና ግድግዳውን አየት አድርጎ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

“ይሠራል?”

አላውቅም ነበር። ሞክሬው አላውቅም።

የክሪስቶፈር ሽዋርዝን “ዘ አናርኪስትስ ቱል ቼስት” ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። አክስቴ ከቨርጂኒያ ስትመጣ በሻንጣዋ ይዛልኝ የመጣችው ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ በአማርኛ “የአናርኪስቱ የመሣሪያ ሳጥን” ብንለው ያስኬዳል። በ2011 ሲወጣ ሽዋርዝ ለብዙ ዓመታት የእንጨት ሥራ መጽሔት ሲያዘጋጅ የቆየ ሰው ነበር፤ መጽሐፉን ያሳተመውም ራሱ ከጓደኛው ጋር ባቋቋመው “ሎስት አርት ፕሬስ” በተባለ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው። ስለ አሮጌ የእንጨት መሣሪያ የሚያወራ ሰው ካጋጠማችሁ፣ ይዋል ይደር እንጂ ይህን መጽሐፍ መጥቀሱ አይቀርም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሽዋርዝ መሣሪያ በላይ በላዩ ሲያከማች ይኖራል። መላጊያ በመላጊያ ላይ፣ መጋዝ በመጋዝ ላይ። አንድ ቀን ክምችቱን ያይና ይሄ ሁሉ ለምንድነው ይላል። ከዚያ የድሮ አናጢዎች ምን ምን እንደነበራቸው የቆዩ መጻሕፍትን እያገላበጠ ይመረምራል፤ ጆሴፍ ሞክሰን በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከጻፈው ጀምሮ። የሚደርስበት መደምደሚያ ቀላል ነው፦ በአንድ ሳጥን የሚገቡ ሃምሳ ገደማ የእጅ መሣሪያዎች ካሉህ፣ የማትሠራው የቤት ዕቃ የለም ማለት ይቻላል። የቀረውን ሽጠው፣ ስጠው፣ ተገላገለው። በመጽሐፉ መጨረሻ ሳጥኑን ራሱን እንዴት መሥራት እንደሚቻል ያሳያል፤ ማዕዘኑ ያለ ምስማር ጥርስ በጥርስ የሚነካከስ የጣውላ ሳጥን።

“አናርኪስት” የሚለው ቃል ቦምብ ወርዋሪ እንዳያስመስለው ይጠነቀቃል። የእሱ አናርኪስት ጆሳያ ዋረን ነው። ይህ ሰው በ1827 በሲንሲናቲ ከተማ ዕቃ በገዛበት ዋጋ የሚሸጥ ሱቅ ከፍቶ ነበር፤ ባለሱቁ የሚያስከፍለው ትርፍ ሳይሆን ገዢውን ለማስተናገድ የፈጀበትን ጊዜ ነው። ሽዋርዝ ከዚህ የሚወስደው ሐሳብ፣ የምትጠቀምበትን ነገር በገዛ እጅህ መሥራት ከቻልክ፣ ቶሎ ተሰባሪ ዕቃ እየሠራ ቶሎ መልሰህ እንድትገዛ የሚያደርግህን ሥርዓት በጥቂቱም ቢሆን እምቢ ብለሃል የሚል ነው። የቺፑድ ቁምሳጥኑ ቤት በቀየረ ቁጥር አንድ በር የሚያጣ የአዲስ አበባ ተከራይ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የመጽሐፉ ትልቁ ጥንካሬ እዚህ ጋ ነው። ሽዋርዝ መሣሪያን ከናፍቆት ነጥሎ ያያል። አሮጌ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ነው አይልም። የመላጊያው ታች ጠማማ ከሆነ ጠማማ ነው፤ መቶ ዓመት ቢሞላውም አይቀናም። የመጋዙ እጀታ ለእጅ ካልተመቸ የትም አገር ቢሠራ አይረባም። ሲጽፍም ያስቃል፤ በራሱ ላይ መሳቅ ይችልበታል። እኔ ኮድ ጽፌ ነው የምኖረው። በሙያዬ አዲስ ፍሬምወርክ በየወሩ እያወረደ አንድ ፕሮጀክት የማይጨርስ ሰው አውቃለሁ፤ አንዳንዴ ያ ሰው እኔ ነኝ። ስለዚህ መሣሪያ ማሳደድ እንዴት ሥራን እንደሚተካ ሲያስረዳ፣ ስለ እኔ እያወራ መሰለኝ።

ግን መጽሐፉን ጨርሼ መጀመሪያ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ላፕቶፔን ከፍቼ ሠንጠረዥ ሠራሁ። ሃምሳ ረድፍ። አንዱ ዓምድ “ያለኝ”፣ ሌላው “የጎደለኝ”። የጎደለኝ አርባ ሦስት ሆነ። በቀጣዩ ቅዳሜ ምናለሽ ተራ ነበርኩ።

ጥፋቱ የእኔ ነው ልትሉ ትችላላችሁ። ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ የመጽሐፉ አሠራር ነው። ከመጠን በላይ አትግዙ የሚል መጽሐፍ የገጹን ትልቁን ድርሻ ምን ምን እንደምንገዛና ስንገዛ ምን እንደምናይ ለመንገር ሲያውለው፣ አንባቢው ይዞ የሚወጣው ዝርዝሩን ነው። ሃሳቡ “ትንሽ ይበቃል” ነው፤ ስሜቱ ግን “ሃምሳው ሳይሟላ አትጀምር” ይሆናል። መጀመሪያ በአንድ መሮና በአንድ መጋዝ የሚሠራ ነገር አሠርቶ፣ ሲቸግረን ቀጣዩን ቢነግረን ኖሮ ሌላ መጽሐፍ ይሆን ነበር።

ይህ ግን ትንሹ ቅሬታዬ ነው። ትልቁ የመጣው ከአያቴ መሮ ነው።

አያቴ ደብረ ብርሃን አናጢ ነበሩ። በር፣ መስኮት፣ አልጋ፣ ሲብስም የሬሳ ሳጥን ይሠሩ ነበር። መሣሪያዎቻቸው አብዛኞቹ ከሞቱ በኋላ ለቆራሌው ሄዱ። አባቴ ያስቀረው አንድ መሮ ብቻ ነው። ከመኪና ባሌስትራ አንጥረኛ የቀጠቀጠው ብረት፣ የወይራ እጀታ። ከእጀታው የወጣው ብረት ሁለት ጣት አይሞላም። ልጅ ሆኜ ሳየው እንደዚያ አጭር ሆኖ የተሠራ ይመስለኝ ነበር። አባቴ እንደሚለው ግን እሱ ልጅ ሳለ አንድ ስንዝር ነበር።

የቀረው የት ሄደ? ድንጋይ ላይ ነው የቀረው። ስለት ማለት ሁለት ገጾች የሚገናኙባት መስመር ናት፦ የመሮው ጀርባና የተዳፋው ፊቱ። እንጨቱ ያቺን መስመር ቀስ በቀስ ያደበዝዛታል፤ መልሶ ለማግኘት ከገጾቹ ብረት መፋቅ ግድ ነው። በጀርባው በኩል ጣት ላይ የምትሻክር ቀጭን የብረት ፀጉር እስክትወጣ ድረስ ይፈተጋል፤ ከዚያ እሷም ትነሳለች። እያንዳንዱ መሳል ከብረቱ ትንሽ ይበላል። በደንብ የሚሠራበት መሮ በደንብ የሚያጥር መሮ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቤንጃሚን ሲተን ላንሳ። እንግሊዝ አገር በሮቼስተር ከተማ ጊልድሆል ሙዚየም ውስጥ የዚህ ወጣት የመሣሪያ ሳጥን አለ። በ1796 አባቱ ከለንደኑ ክሪስቶፈር ጋብርኤል ሙሉ መሣሪያ ገዛለት፤ ልጁ ሳጥኑን ሠራ፣ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ከነዋጋቸው ጻፈ። ዛሬ የ18ኛው ክፍለ ዘመን አናጢ ምን እንደነበረው ማወቅ የፈለገ ሰው ሁሉ ወደዚያ ሳጥን ይሄዳል። መሣሪያዎቹ ለምን እንዲህ ደህና ሆነው እንደደረሱን ታውቃላችሁ? ሲተን ብዙም ስላልሠራባቸው ነው።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለነበረው የአብርሃም ዋልድ ታሪክ ሰምታችሁ ይሆናል። ከዘመቻ የተመለሱት ቦምብ ጣዮች የት የት እንደተመቱ ሲጠና፣ ዋልድ ያልተመለሱትን አስቡ አለ፤ የተመለሱት ያልተመቱበት ቦታ ነው ገዳዩ። የአሮጌ መሣሪያ ነገርም እንደዚያው ነው። ሰብሳቢው እጅ የሚደርሰው የተመለሰው ነው። ብዙ ቀን ከሠሩት መሣሪያዎች ብዙዎቹ ተስለው ተስለው አልቀዋል፣ ቀልጠዋል፣ ሌላ ነገር ሆነዋል። ምላጩ ሙሉ የሆነ፣ ቀለሙ ያልተላጠ የመቶ ዓመት መላጊያ ስናይ “እንዴት ያለ ጥሩ መሣሪያ ነው” እንላለን። ምናልባት ባለቤቱ ያልወደደው መላጊያ ይሆናል። የእኔም እንዲያ ሳይሆን አይቀርም።

ሽዋርዝ ያላየው ይህን ይመስለኛል። የመጽሐፉ ሚዛን ያረፈው ዕድሜ ልክ አገልግሎ ለልጅ በሚተላለፍ መሣሪያ ላይ ነው። ጥሩ መሣሪያ ይኖራል ነው ነገሩ። እኔ ቤት ያለው ማስረጃ ደግሞ ጥሩ መሣሪያ ያልቃል ይላል። ሰብሳቢነትን የሚቃወመው መጽሐፍም ቢሆን መሣሪያውን የሚያየው በሰብሳቢ ዓይን ነው፤ የሚቆይ ዕቃ አድርጎ።

እንግዲህ ሰብሳቢዎችን ረግሜ ልጨርስ ነበር። ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ሲተን ሳጥኑን ባያስቀምጥ፣ ከእሱም በኋላ የመጡት ለቆራሌው ቢሰጡት፣ የእንግሊዝ አናጢዎች ምን እንደያዙ የምናውቀው በጣም ጥቂት ይሆን ነበር። እኛስ? እኛ ጋ መሣሪያው እስከ መጨረሻው ይሠራል፤ ሲያልቅ ደግሞ እሳት ይገባና ቢላ ይሆናል። ይህን እንደ ጥበብ ማውራት ደስ ይላል፤ ዋጋ ግን አለው። ከአያቴ ዎርክሾፕ ውስጥ የቀሩኝ ቃላት ሳይቀሩ ግማሾቹ ጣሊያን ትቷቸው የሄደ ናቸው፦ ሞርሳ፣ ኮላ፣ ሰጋቱራ፣ ስኳድራ። የዋንዛ በር እንዴት ሳይጣመም እንደሚደርቅ፣ መሮው በየትኛው ማዕዘን እንደሚሳል፣ አያቴ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠሩ ልወቅ ብል የማገላብጠው ሳጥንም ዝርዝርም የለኝም። የሽዋርዝ መጽሐፍ አለኝ። አባቴም አለኝ፤ እሱም ስድሳ ሰባት ዓመቱ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ይሰብሰብ ወይስ ይሠራበት የሚለው አልሆነልኝም። መሮውን ብስለው አያቴ የተዉልኝ ብረት ይቀንሳል። ባልስለው ደግሞ እንዴት እንደሚሳል የሚያሳየኝ ሰው ጊዜ እያለፈ ነው። ሁለቱንም ማትረፍ አይቻልም። መጽሐፉ ከሃምሳዎቹ መሣሪያዎች የትኛውን እንደምመርጥ ሊነግረኝ ይችላል፤ ይህን ግን አልነገረኝም።

ደውዬ መሮውን ስጠኝ አልኩት።

“ልትሰቅለው ነው?” አለ።

“አይ፣ ልስለው ነው።”

ትንሽ ዝም አለ። “ያልቃል እኮ።”

“አውቃለሁ አባዬ።”

በሳምንቱ እሑድ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞት መጣ። በረንዳ ላይ ድንጋዩን በውሃ አርሰን ተቀመጥን። ስልኬን ለመቅረጽ አቆምኩት፤ እሱ ካሜራውን ረስቶ ስለ አያቴ ማውራት ሲጀምር፣ ከመሳሉ ይልቅ ያ ወሬ የበለጠ ዋጋ እንዳለው ገባኝ። የመላጊያውንም ምላጭ ከግድግዳው አውርደን ፈታነው። ጀርባው ጨርሶ ተስሎ አያውቅም፤ የፋብሪካው ጭረት እንዳለ ነው። ሠንጠረዡን ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩትም።

መጽሐፉን አንብቡት። መጀመሪያውን፣ ስለ ክምችቱና ስለ ዋረን የሚያወራውን፣ በደንብ አንብቡ፤ ሳጥኑ የሚሠራበትንም አትዝለሉ። የመሣሪያ ምዕራፎቹን ግን አንድ ነገር ሠርታችሁ ከተቸገራችሁ በኋላ ተመለሱባቸው። ቤታችሁ ውስጥ ደግሞ ያጠረ መሮ፣ ያለቀ ቢላ፣ ጠርዙ የተበላ ሞረድ ካለ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት የማን እንደነበር ጠይቁ።

አንድ ሰዓት ያህል ከፈተግኩ በኋላ መሮውን ለአባቴ ሰጠሁት። ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳበስ አደረገው፣ ወደ ብርሃን አነሳው፣ መለሰልኝ።

“ገና ነው” አለ።