ደመናው የት ገባ?

ዓምና አንድ የሰፈራችን ልጅ ወፍራም ወረቀት በፌስታል ጠቅልሎ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ እንግሊዝኛዋን ትንሽ ያሳምሩልኝ» አለኝ። ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ጡረታው ይህ ነው፤ የሰው ማመልከቻ ማሳመር።

ልጁ ከጓደኛው ጋር ሆኖ የጀመረው ሥራ ደስ ይላል። ሴንቲኔል 2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየአምስት ቀኑ ምድርን ያነሳሉ፤ ምስሉም ለማንም በነጻ ይሰጣል። እነዚህ ልጆች ከዚያ ምስል ላይ የስንዴ ማሳው የት እንደታመመ አንብበው ለገበሬው ሊነግሩ ነው ሐሳባቸው። የጠየቁት ደግሞ ሁለት ኮምፒውተርና የመስክ ነዳጅ የምትሸፍን ትንሽ ድጎማ ነው።

ቅጹን ሳገላብጥ ገረመኝ። ድርጅቱ ከተቋቋመ ስምንት ወሩ ነው፤ ቅጹ የሦስት ዓመት የኦዲት ሪፖርት ይጠይቃል። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ይላሉ የኛ ሰዎች፤ እዚህ ግን እንቁላሉ መራመዱን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲያያይዝ ነው የተጠየቀው።

እኔ እንኳ ፕሮፖዛልን እንደ አንድ የሥነ ጽሑፍ ዘርፍ ማየት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ጀግናው «ማኅበረሰቡ» ነው፤ ባላንጣው «የአቅም ክፍተት» ይባላል፤ ፍጻሜው ሁልጊዜ ሠርግ ነው። ጀግናው አይጠራጠርም፣ አይወድቅም። እንዲህ ያለ ልብ ወለድ ተማሪ ጽፎ ቢያመጣልኝ ኖሮ «ሰው የለበትም» ብዬ እመልስለት ነበር።

በዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ ሰው ያለባት አንዲት ዐረፍተ ነገር አገኘሁ። «በሐምሌና በነሐሴ ማሳው በደመና ስለሚሸፈን ዘዴያችን ላይሠራ ይችላል» ትላለች። እውነቱን ነው፤ እንዲህ ያለው ሳተላይት እንደ ዓይን ነው፣ ደመና አልፎ አያይም። ሰብሉ የሚያድገው ደግሞ በዚያው ወራት ነው። ልጁ ግን «አማካሪ ይህቺ ትውጣ ብሎኛል፤ ገንዘብ ሰጪዎች ስጋት አይወዱም» አለኝ። አወጣኋት። በእስክሪብቶዬ የሁለት ወር ደመና ከሰማይ ጠረግሁ።

እስቲ ሌላው ዓለም ትንሽ ገንዘብ ለምን እንደሚሰጥ እንይ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣችው ሕግ ትልልቅ የምርምር በጀት ያላቸው መሥሪያ ቤቶች ከበጀታቸው ጥቂቷን ለአነስተኛ ኩባንያዎች እንዲለዩ አስገደደች። የጠፈር መሥሪያ ቤቷ ናሳ በዚህ ፕሮግራም በቅርብ ዓመታት ለመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ 150 ሺሕ ዶላር፣ ለሁለተኛው እስከ 850 ሺሕ ዶላር ሲሰጥ ቆይቷል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ጥያቄ «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» የሚል ነው። ካልሠራ የጠፋው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ዕውቀቱ ግን ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ2010 የተቋቋመው ሜድ ኢን ስፔስ የተባለው ኩባንያ በዚህ መንገድ ነው ያለፈው። ክብደት በሌለበት ቦታ የቀለጠ ፕላስቲክ ንብብር በንብብር ይጣበቃል ወይ? ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ማተሚያው ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወጣና በኅዳር ወር የመጀመሪያውን ዕቃ አተመ። ያተመውም የራሱን የማተሚያውን አንድ ክፍል ነው!

ሳብሪና ሀውል የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት የዚሁ ፕሮግራም አካል የሆነውን የኢነርጂ መሥሪያ ቤቱን ድጎማ መርምረዋል። የመጀመሪያዋ ትንሽ ገንዘብ ኩባንያው ባለሀብት የማግኘት ዕድሉን በእጥፍ ገደማ ከፍ ስታደርግ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ትልቁ ገንዘብ ግን ብዙም ለውጥ አላሳየም። ምክንያቱም ሽልማት ማግኘቱ ያስገኘው ዝና አይደለም፤ ገንዘቧ የሙከራ ሥራ ማሠራቷ ነው። ያልታወቀው ታወቀ።

እርግጥ እዚያም ጉድ አለ። ምንም ሳይሸጡ ከድጎማ ወደ ድጎማ እየዘለሉ ዕድሜያቸውን የሚገፉ ኩባንያዎች ሞልተዋል። የኛም ሰጪዎች ቢጠነቀቁ አልፈርድም፤ የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ሌባም አይጠፋም። ግን ሌባን የሚይዘው ደረሰኝ እንጂ የውሸት ተስፋ አይደለም። እንዲያውም ስጋቱን የደበቀውን እየሸለምን እውነተኛውን የምንጥል ከሆነ፣ ዋሾን የምናሠለጥነው እኛው ነን።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2019 የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ስትወነጨፍ ደስ ብሎን አጨብጭበናል፤ የወጪዋንም አብዛኛውን የሸፈነችው ቻይና ናት። ደግ። ነገር ግን ዓይን ሰማይ ላይ መስቀል አንድ ነገር ነው፤ ያየውን የሚያነብ ሰው ምድር ላይ ማብቀል ሌላ። ሁለተኛውን የሚያበቅለው ያቺ ትንሿ ገንዘብ ነበረች።

የሰፈራችን ልጅ ድጎማውን አገኘ። ዘንድሮ ክረምት አልፎ ደግሞ በዚያው ፌስታል ሪፖርቱን ይዞ መጣ። የሐምሌና የነሐሴ ምስል ነጭ በነጭ ነው፤ ጥጥ የተነጠፈበት ይመስላል። ደመና የሚያልፍ የራዳር ምስል የሚያነሱ ሳተላይቶች አሉ፤ የእነሱም ምስል በነጻ ነው። ከመጀመሪያው ያቺ ዐረፍተ ነገር ብትቀመጥ ኖሮ ገንዘቡ ያንን ለመሞከር በዋለ ነበር። አሁን ግን ቅጹ «ዕቅዱ ስንት በመቶ ተሳካ?» ይላል።

«ጋሼ፣ አሁንም እንግሊዝኛዋን...» አለኝ አንገቱን ደፍቶ።

መነጽሬን አደረግሁ። «ና ቁጭ በል» አልኩት። «መጀመሪያ ደመናውን እንመልሰው።»