«ወንዳታ» ወይስ «ሰናህ»?



በክፍለ ከተማችን በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከጀሞ እስከ ሳሪስ፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡ፣ ልጆቻቸውን መድረሳ የሚልኩ ወላጆች የሽልማት ቀን ምን እንደሚመስል ያውቁታል። አንዲት የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ወደ መድረክ ትወጣለች። ሱረቱል ሙልክን ያለ አንዲት ስሕተት በቃሏ ትወጣለች። ተክቢራ ይሰማል። ከዚያም ከአባቶች አንዱ ከልቡ ተደስቶ «ወንዳታ!» ይላታል።

እስቲ ቃሉን ልብ በሉት። ልጅቱ ቁርኣን ሐፍዛለች፣ አላህ (ሱ.ወ.) የሰጣትን ድምፅና አእምሮ በሚገባ ተጠቅማለች፤ ምስጋናዋ ግን «ወንድ ሆንሽ» ነው። በአንጻሩ ወንድሟ ፈርቶ መድረክ ላይ ቢንተባተብ «ሴታ ሴት» ይባላል። አንዱ ቃል ለሽልማት፣ ሌላው ለስድብ። «ለማበረታታት ነው እንጂ ምን ክፋት አለው?» የሚሉ ወንድሞች ይኖራሉ። ተናጋሪው ክፋት እንደሌለው እኔም አልጠራጠርም። ነገር ግን ልጅቱ ከዚያ መድረክ ይዛ የምትወርደው አንድ ትምህርት አለ፤ መልካም ነገር የሠራሁ ዕለት ሴትነቴ ይረሳል የሚል ነው።

ከፊደል ጀምሮ ያደግንበት ነገርም ይኸው ነው። «አበበ በሶ በላ» እያልን ማንበብ ተማርን። ገብሱን የቆላችው፣ የፈጨችው፣ በሶውን የበጠበጠችው ሴት ግን ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለችም። (ጫላም ጩቤውን እንደጨበጠ እስከ ዛሬ አለ።)

ውድ አንባቢያን፣ እንግዲህ የሌላ ልጅ ታሪክ ላስታውሳችሁ። ይህች ልጅ የእኛው አገር ልጅ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወላጆቿ ከመካ ቁረይሾች በደል ሸሽተው ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሶሐቦች መካከል ነበሩ፤ እሷም የተወለደችው እዚሁ በሐበሻ ምድር ነው። አባቷ ኻሊድ ኢብን ሰዒድ ይባላል። የመጨረሻዎቹ ስደተኞች በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በ628 እ.ኤ.አ.፣ በመርከብ ወደ መዲና ሲመለሱ እሷም አብራ ሄደች። ኡሙ ኻሊድ (ረ.ዐ.) ትባላለች።

በሰሒሕ አል-ቡኻሪ እንደተዘገበው፣ አንድ ቀን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልብሶች መጡላቸው። ከእነሱም አንዱ ጥለት ያለው ትንሽ ጥቁር ልብስ ነበር። ለማን ቢሰጥ እንደሚሻል ጠየቁ። ሰዉ ዝም አለ። እሳቸውም ኡሙ ኻሊድን አምጡልኝ አሉ። ትንሽ ነበረችና ተሸክመው አመጧት። በገዛ እጃቸው አለበሷት፤ ልብሱን ለብሳ እስክትጨርሰው እንድትኖር ዱዓ አደረጉላት። ከዚያም በልብሱ ላይ ወዳለው አረንጓዴ ወይም ቢጫ ጥለት እያመለከቱ «ሰናህ» አሏት። ዘጋቢዎቹ ቃሉን ሲያብራሩ በሐበሻ ቋንቋ «ያማረ፣ ውብ» ማለት ነው ይላሉ። ዛሬም ግዕዝ «ሠናይ» ሲል የምንሰማው ያንኑ ነው።

በዚህ ዘገባ ላይ ብዙ ሰው በፍጥነት ያልፋል። እኔ ግን ትንሽ እንድንቆይበት እፈልጋለሁ። መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) ልብሱን ሰጥተው ብቻ ዝም አላሉም፤ ጥለቱን በእጃቸው አሳይተዋል፤ የልጅቱን ዓይን ወደ ውበቱ መርተዋል። የመረጡትም ቃል የመዲና ሰዎች በየቀኑ የሚናገሩት አልነበረም። ልጅቱ ከተወለደችበት አገር የመጣ፣ በጆሮዋ የቆየ ቃል ነበር። የጠሯትም እንደ ትልቅ ሰው በኩንያዋ ነው። ትንሽ ሴት ልጅን በትንሽ ሴት ልጅነቷ ማክበር እንዲህ ከሆነ፣ «ወንዳታ» ከዚህ ጎን ሲቆም ምን ያህል እንደሚያንስ አንባቢ ራሱ ይፍረድ። ደግሞም ይህን ሁሉ የነገረን ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሷ ኡሙ ኻሊድ ናት። አድጋ ተናገረች፣ ሰሙ፣ ጻፉ።

ሴት የነገረችውን ታሪክ ስንነግር ስሟን የመጣል ልማዳችን ግን ከዚህም ይብሳል። በ615 እ.ኤ.አ. ስለተጀመረው የሐበሻ ሂጅራ፣ ስለ ነጃሺ ፍትሕ፣ ጀዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ.) በንጉሡ ፊት ስላደረገው ንግግር የማያወራ ኢትዮጵያዊ ሙስሊም የለም። ኩራታችን ነው። በኹጥባ እንሰማዋለን፣ በዳዕዋ መድረክ እንሰማዋለን፣ ልጆቻችን በድራማ ይሠሩታል። በሲራ መጻሕፍት በስፋት የሚታወቀው ዘገባ ግን ከማን ነው የመጣው? ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ነው። እዚያው ሐበሻ ከነበሩት ስደተኞች አንዷ ነበረች፤ በኋላም የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤት፣ የምእመናን እናት ሆናለች። ንጉሡን፣ የቁረይሽን መልእክተኞች፣ የሙስሊሞቹን ጭንቀት የምናየው በእሷ ዓይን ነው። በልጆቻችን ድራማ ላይ ግን አንዱ ነጃሺ፣ አንዱ ጀዕፈር፣ አንዱ ዐምር ኢብኑል ዓስ ይሆናል፤ ሴት ልጆቹ ወይ መጋረጃ ይይዛሉ ወይ ከመጨረሻው ላይ ነሺዳ ይላሉ። ተራኪዋ ሴት ልጅ ብትሆን ለታሪኩ የበለጠ ታማኝ በሆንን ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው አንዲት ልጅና አንድ ማይክሮፎን ብቻ ነው።

ስለ ማርች 8 አከባበር ብዙ አልልም። አበባ ይታደላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ከዚያ ምሳውን የሚያቀርቡትና ሳህኑን የሚያጥቡት ሴቶቹ ናቸው። ከዚያ ይልቅ በታዋቂው ባህላችን ውስጥ የሚያስመሰግን ነገር ካለ፣ መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ የጀመረችው የሕፃናት የቴሌቪዥን ዝግጅት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ነው። ባለ ታሪኳ ቀጭኔ ናት። ርእሱ ላይ ያለው ግስ «ትወዳለች» ነው፤ ማወቅ የሚፈልገው ልጅ ሴት ልጅ ናት ማለት ነው። ማንም «ወንዳታ» ሳይላት ትጠይቃለች፣ ትማራለች። የእኛ የነሺዳና የመንዙማ ካሴቶች፣ አሁን ደግሞ በስልክ የምናያቸው ምስሎች፣ እናትን ያወድሳሉ፤ አልሐምዱ ሊላህ። የምትማር ልጅን፣ የምታስቀራ ኡስታዛን የሚያወድስ ግን ብትፈልጉ ጥቂት ነው የምታገኙት። ሴትን የምናወድሳት ከወለደች በኋላ ብቻ ይመስላል።

ወደ ቤታችን እንግባ። መካኒሳ ውስጥ መስከረም አሰግድና ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ የመሠረቱት ዞማ ሙዚየም አለ፤ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍቷል። ግድግዳዎቹ የጭቃና የጭድ ናቸው፤ ላያቸው ላይ የወጣው ጌጥ ሰውን ያቆማል። ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ አትጸጸቱም። ነገር ግን አያቶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ጭቃ ያቦካች፣ ግድግዳ የለቀለቀች፣ ወለሉን በእበት የለሰነች አሮጊት ከዚያ ግድግዳ ፊት ስትቆም የምትናገረው ነገር ከማንም ባለሙያ ማብራሪያ ይበልጣል። እሷ የሠራችው ግን ሥነ ጥበብ ተብሎ አያውቅም፤ የቤት ሥራ ነው የተባለው።

ስፌቱም እንዲሁ ነው። በሐረር ቤት ትልቁ ክፍል ግድግዳ ላይ በሥርዓት የሚሰቀሉት ስፌቶች የሴቶች እጅ ሥራ ናቸው። የሐረር ጀጎል ግንብ በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ሁላችንም ደስ ብሎናል። ግንቡን ያሠራው አሚር ኑር መሆኑን እናውቃለን፤ ባለቤቱ ባቲ ድል ወንበራ፣ ከእሱ በፊት በ1543 እ.ኤ.አ. የሞተው የኢማም አሕመድ ሚስት የነበረችው ሴት፣ ማን እንደሆነች ልጆቻችሁን ጠይቁና መልሱን ስሙ። የስፌቶቹን ሰፊዎች ስም ደግሞ ማንም አይጠይቅም።

እናንተም ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ስፌት ወይም መሶብ ሊኖር ይችላል፤ ከእናት ወይም ከአክስት የመጣ፣ ከወሎ፣ ከስልጤ ወይም ከሐረር። አውርዳችሁ ገልብጡት። ስንደዶው የተጀመረበት ጠባብ መሐል ይታያችኋል፤ ወስፌዋ መጀመሪያ የገባችው እዚያ ላይ ነው። ሰፊዋን የሚያውቅ ሰው በሕይወት ካለ ዛሬውኑ ደውሉና ስሟን፣ የተወለደችበትን ቀበሌ፣ ጥለቱን ምን ብላ እንደምትጠራው ጠይቁ፤ ከዚያ በትንሽ ወረቀት ጻፉና ከጀርባው አጣብቁት። ሴት ልጃችሁ ትጻፈው።