አባትየው የት ገባ?

ያሬድ ዘለቀ «ላምብ» የተባለውን ፊልሙን ይዞ ካን የገባው በግንቦት 2007 ዓ.ም. ነው። በፌስቲቫሉ ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የተካተተ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ስለነበር ያኔ ብዙ ተወራለት። የተወራው ግን በአብዛኛው ስለ ካን እንጂ ስለ ፊልሙ አልነበረም። ታሪኩ የድርቅ ታሪክ ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱን ረሃብ ነጥቆታል። አባቱ ልጁንና የሚወዳትን በግ ይዞ ለምለም ወደሆነ ተራራማ አገር፣ ወደ ዘመዶቹ ይሄዳል። እዚያ ያስቀምጠውና እሱ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ይነሳል። ከዚያ ወዲያ ፊልሙ የልጁ ነው፤ በጓን ለበዓል እንዳያርዱበት ይጨነቃል፣ ወንድ ሆኖ ወጥ ይሠራል ተብሎ ይሳቅበታል፣ ሳምቡሳ እየሸጠ የመሳፈሪያ ብር ያጠራቅማል።

መጀመሪያ ሳየው እንደማንኛውም ተመልካች ነው ያየሁት። ተራራው ያምራል፣ ልጁ አንጀት ይበላል፣ በቃ። ሁለተኛ ጊዜ ያየሁት ግን አቃቂ፣ ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፁን እስከ መጨረሻ ከፍቼ ነው። ያን ቀን ከልጁ ይልቅ አባትየው አእምሮዬ ውስጥ ቀረ። ሰውየው አዲስ አበባ መጣ። እሺ፣ የት ገባ?

ፊልሙ አይነግረንም። የመንገር ግዴታም የለበትም፣ ታሪኩ የልጁ ነውና። ነገር ግን ስለ ድርቅ የተሠሩ ሥራዎቻችንን አንድ በአንድ ሳስባቸው አብዛኞቹ እዚችው ቦታ ላይ ካሜራቸውን ያጠፋሉ። ሰውየው ቀዬውን ሲለቅ ታሪኩ ያልቃል። ከተማው መዳኛ ይሁን መጥፊያ አናይም። የአየር ንብረት ለውጥ በኛ ጥበብ ውስጥ ገጠር ብቻ ይኖራል፤ የተሰነጠቀ መሬት፣ አጥንቱ የገጠጠ ከብት፣ ሰማይ የምታይ እናት። እኔ የምኖረው ግን ይሄው ታሪክ በሚቀጥልበት ቦታ ነው።

ከደቡብ የሚመጣውን አውቶቡስ ቃሊቲ መናኸሪያ ያራግፈዋል። ከሰሜን የመጣውም ቢሆን ርካሽ ኪራይ ሲፈልግ ወደ ታች፣ ወደኛ መውረዱ አይቀርም። ርካሽ ኪራይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ወንዝ ዳር ነው። ከእንጦጦ ጫፍ እስከ አቃቂ ከአንድ ሺህ ሜትር ያላነሰ ቁልቁለት አለ። ከተማው ላይ የወረደው ዝናብ፣ አስፋልቱና ኮንክሪቱ አላሰርግ ስላለው፣ በትልቁና በትንሹ አቃቂ በኩል እኛን አቋርጦ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያ አዋሽ። ውሃ ብቻም አይደለም የሚወርደው። የፋብሪካው ቀለም፣ የቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ፣ የሽንት ቤቱ፣ ፌስታሉ ሁሉ አብሮ ይመጣል። በጣልያን ጊዜ የተሠራው የአባ ሳሙኤል የኃይል ማመንጫ፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ፣ ደለል ሞልቶት ለአሥርተ ዓመታት ሥራ ፈቶ ቆሞ ነበር። በዚያው ወንዝ ውሃ ጎመንና ሰላጣ ይለማል። ቤት የሚገባውም ጎርፍ ይሄው ውሃ ነው። የሚገርመው፣ አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ብዙው የሚወጣው ከዚሁ ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ሲሆን እኛ ሰፈር ግን ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ ታገኛላችሁ።

(ቃሊቲ በጽሑፎቻችን ውስጥ ስሟ የሚነሳው በእስር ቤቷ ነው። «ቃሊቲ ወረደ» ሲባል ማንም ሰው ቤት ተከራይቶ ወረደ ብሎ አይሰማም። ይሄም ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

አንድ ፊልም ግን ጎርፉን ከነምክንያቱ አሳይቷል፤ ያውም ከ«ላምብ» አርባ ዓመት ገደማ ቀድሞ። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በ1966 እና 67 መካከል፣ ሥርዓቱ እየፈረሰ ባለበት ወቅት፣ በጥቁርና ነጭ የተቀረፀ ነው። በ1976 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለዕይታ በቃ። ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ አልዋሽም። እዚያ ውስጥ አንዲት ልጅ ወንዝ ትሰምጣለች። ወንዙ ሞልቷል፣ ላሟ ውሃው ውስጥ ናት፣ ልጅቱ ላሟን ልታወጣ ትገባለች። ላሟ የማን ናት? የባለ ርስቱ። ነገሩ ያለው እዚህች ላይ ነው። የገደላት ውሃው ነው ብንል እውነት ነው። ውሃው ውስጥ ያስገባት ግን ውሃው አይደለም፤ ላሟን ሳይዙ ቤት መመለስ ከሙላቱ በላይ የሚያስፈራበት ኑሮ ነው። ኃይሌ ይሄን በንግግር አያስረዳም። ከዚያ በፊት ባለ ርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሲጮህ ለረጅም ጊዜ አሳይቶናል፣ ስለዚህ ልጅቱ ስትገባ ለምን እንደገባች እናውቃለን።

ጊዜውም አግዞታል። በዚያ ወቅት የድርቅን ምስል አይቶ ማን እየበላ ነበር ብሎ አለመጠየቅ አይቻልም ነበር። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እየተቀያየረ በቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። ያ ቅንብር ለደርግ የጠቀመ መሣሪያ ነበር፣ ደርግም ከአሥር ዓመት በኋላ የራሱን ረሃብ ደበቀ። ስለዚህ ጥፋተኛን መጠቆም ብቻውን እውነት አያደርግም። ቢያንስ ግን ጥያቄው ይጠየቅ ነበር።

«ላምብ» ውስጥ ጥያቄው የለም። ድርቁ ከፊልሙ በፊት የሆነ ነገር ነው፤ እናቲቱን ወስዶ ሄዷል። ለማን ጊዜ ዝናብ ቀረ፣ ለማን ጎተራ ነበረው፣ አይነሳም። ፊልሙ ሊነካው የተቃረበበት ቦታ አለ። ጋዜጣ የምታነበው ልጃገረድ ጽዮን ከሰሎሞን ጋር ስለ እርሻ አሠራር ስትከራከር፣ ለአንድ አፍታ መሬቱ መልክዓ ምድር መሆኑ ቀርቶ ሰዎች የሚጣሉበት ነገር ይሆናል። በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ወዲያው ካሜራው ወደ ተራራው ይመለሳል። ተራራው እንደሚያምር ነግሬያችኋለሁ።

ሕንዳዊው ደራሲ አሚታቭ ጎሽ በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው «ዘ ግሬት ዲሬንጅመንት» መጽሐፉ፣ ዘመናዊው ልቦለድ የአየር ንብረት ቀውስን መጻፍ ያቃተው «የማይመስል» ክስተትን ከቤቱ ስላስወጣ ነው ይላል። እሱ ራሱ በ1978 ዴልሂ ውስጥ አውሎ ነፋስ ይዞት ነበር፤ ልቦለድ ውስጥ ሊያስገባው ግን አልሆነለትም። ጥሩ ሐሳብ ነው። ለኛ ግን የሚሠራ አይመስለኝም። እኛ ጋ መዓት የማይመስል ነገር ሆኖ አያውቅም። ክፉ ቀን አለን፣ የ66ቱ አለን፣ የ77ቱ አለን። ችግራችን ከመጠን በላይ መልመዳችን ነው። ድርቅ ሲመጣ ምን ዓይነት ምስል እንደምንሥል አስቀድመን እናውቃለን።

ለጎርፍ ግን ቃሉም አልተሠራለትም። ድርቅን በዓመቱ እንጠራዋለን፣ የአገር ሁሉ ስለሆነ። ጎርፍን በቦታው፣ የዚያ ሰፈር ጉዳይ ስለሆነ። በሐምሌ 1998 ከ200 ሰው በላይ የገደለው «የድሬዳዋው ጎርፍ» ነው። በነሐሴ 2013 አዲስ አበባ ላይ በአንድ ቀን ሰባት ሰው የሞተበት ስም እንኳ የለውም። ዜናው ላይ የምናገኘው «ድንገተኛ ጎርፍ» ወይም «ደራሽ ጎርፍ» ነው። «ደራሽ» በአማርኛ ለችግር ፈጥኖ የሚመጣም ሰው ነው፤ «ደራሽ የለውም» እንላለን። በየዓመቱ ክረምት የሚመጣን ነገር ድንገተኛ ማለት እንዴት እንደለመደብን አላውቅም።

የችግኝ ተከላ ሰሞን የሚነበቡትን ግጥሞችማ ባላነሳቸው ይሻል ነበር። ከአረንጓዴ አሻራ ወዲህ በዝተዋል። ምድር እናት ናት፣ ታለቅሳለች፣ እኛ ልጆቿ በድለናታል። «እኛ» የሚለው ማን ነው? ኢትዮጵያ ወደ ከባቢ አየር የምትለቀው ጋዝ ከዓለሙ አንድ በመቶ አይሞላም። ግጥሙ ግን የጀርመንን ባለመኪናና የአቃቂን ጉልት ቸርቻሪ አንድ ላይ ንስሐ ያስገባል። ሁሉም ከበደለ ማንም አልበደለም ማለት ነው። እዚህ ቅርብ ያለው ጥፋተኛም፣ ማለትም ፍሳሹን በሌሊት የሚለቀው፣ ወንዙን የሚያጠበው፣ በዚሁ «እኛ» ውስጥ ተሸሽጎ ያመልጣል።

እዚህ ላይ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ከቤቴ ብዙ በማይርቅ ድልድይ አጠገብ ጉልት የሚቸረችሩ አንዲት እናት አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። ከወሎ የመጡት በ2008 ነው። «ላምብ» ካን ታይቶ ብዙ ሳይቆይ የዚያ ዓመት ክረምት በቅጡ ሳይዘንብ ቀረ፤ በኤልኒኖ። ከዓመቱ መጨረሻ በፊት የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው ከ10 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። እትዬ ከነዚያ አንዷ ናቸው። አሁን የሚኖሩበት ክፍል ግድግዳ ላይ ውሃው የደረሰበት መስመር አለ፣ ከአልጋቸው ከፍ ብሎ።

እኔ አንባቢ ነኝ አይደል፣ የተማርኩትን ይዤ ሄድኩ። አየሩ በሞቀ ቁጥር የሚሸከመው እርጥበት ይጨምራል፣ በአንድ ዲግሪ ሰባት በመቶ ያህል። ሲለቀው አንድ ጊዜ ነው የሚያወርደው። «የአየር ንብረቱ ነው እኮ እትዬ፣ ዝናቡ ጠባዩን ቀይሯል» አልኳቸው።

«ዝናቡማ ቀይሯል። ከአገሬ ያስወጣኝ እሱ አይደል እንዴ? መቼ ጠፋኝ» አሉ ሽንኩርታቸውን እያስተካከሉ። «ይሄኛው ግን የዝናቡ ብቻ አይደለም ልጄ። ማዶ ያ ግንብ ከቆመ ወዲህ ነው ውሃው ወደኛ የዞረው። ከዚያ በፊት እዚህ ድረስ አይመጣም ነበር።»

ግንቡን አየሁት። ከወንዙ ማዶ፣ የአንድ ግቢ መከለያ ነው፤ ወንዙ ይሰፋበት የነበረውን ሜዳ ይዞ ቆሟል። የማን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። ባለቤቱም ምናልባት ጎርፍ ፈርቶ ይሆናል የሠራው። እኔን ያስደነቀኝ እትዬ ሁለቱን ነገር ሳያምታቱ መያዛቸው ነው። ዝናቡ ተቀይሯል፣ ግንቡም አለ። አንዱ ሌላውን ነፃ አያወጣም። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ወንዙንና ላሟን በአንድ ትዕይንት እንደያዘው ማለት ነው። የኃይሌ ባለ ርስት ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ይታያል፣ ይጮሃል፣ እኛም እንጠላዋለን። የዛሬው አቃቂ ላይ የሚጮህ የለም። አንዱ ምክንያት ውቅያኖስ ማዶ ነው፣ አንዱ ከወንዙ ማዶ፣ አንዱ እኔ ራሴ ትናንት ቱቦው ውስጥ የጣልኩት ፌስታል ነው። ይሄን በፊልም ለማሳየት ከኃይሌ ጊዜ የከበደ ሥራ ይመስለኛል፤ በተራራ ውበት የሚታለፍ ግን አይደለም።

በየካቲት 2011 «ሸገርን የማስዋብ» ፕሮጀክት ሲጀመር ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ እንደሚለማ ተነግሮ ነበር። ከላይ በኩል ያማሩ ቦታዎች አሉ፣ ሄጄ ተቀምጬባቸዋለሁ። ወንዝ ዳር ርካሽ መሆኑ ሲቀር አባትየው ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ ሌላ ፊልም ነው።

«ላምብ»ን ለእትዬ በስልኬ ላሳያቸው ሞክሬ ነበር። አባትየው ልጁን ትቶ እስከሚሄድበት ድረስ ዝም ብለው አዩ። ከዚያ ቲማቲም የሚገዛ ሰው መጣ፣ ቀጥሎ ዝናቡ ጀመረ፣ ስልኬን ይዤ ሮጥኩ። በማግሥቱ ሳልፍ ጠሩኝ።

«ያ ሰውዬ ሥራ አገኘ?»

ፊልሙ አያሳይም አልኳቸው።

«የት ነው የተከራየው?»

እሱንም አያሳይም።

«ወንዙ ጋ ከሆነ ሰኔ ሳይገባ ይልቀቅ» አሉና ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት መዘኑልኝ።