ገደል ማሚቶ ሲወዛወዝ

የዘፈን አድማጭ ጆሮ የሚቀበለው የዘፋኙን ድምፅ ብቻ አይደለም፤ ድምፁ የተሰማበትን ክፍልም አብሮ ይቀበላል። አዝማሪው በሣር ክዳን ቤት ውስጥ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ሲያቀነቅን ጭቃ ምርጉና ሣሩ ድምፁን ስለሚውጡት ቃሉ ደረቅና ቅርብ ሆኖ ይወርዳል። በላሊበላ ከአለት ተፈልፍለው በታነፁት አብያተ ክርስቲያናት የሚሰማው ዜማ ግን ድንጋዩ እየመለሰ ስለሚያራዝመው አንዱ ቀለም ሳያልቅ ሌላው ይደርስበታል። የቀረፃ ስቱዲዮ ይህን የክፍል ጠባይ በመሣሪያ አስመስሎ ለድምፁ ያለብሰዋል። ባለሙያዎች ሪቨርብ የሚሉት ይህንኑ ነው። በአገር ውስጥ ስቱዲዮዎች አነጋገር ግን ተመላላሹም ድምፅ፣ ተራዛሚውም ድምፅ «ኤኮ» በሚል አንድ ስም ሲጠቃለል ኖሯል። «ገደል ማሚቶ» የሚለው ውብ ስም እያለ የባዕዱ መመረጡ ቢያስቆጭም፣ ሁለቱን ነገሮች አለመለየቱ ከስሙ ይልቅ ይጎዳል።

ከዚህ ጎን የቆመ ሌላ የመሣሪያ ቤተሰብ አለ። ኮረስ፣ ፍላንጀር፣ ፌዘርና ትሬሞሎ ከዚሁ ወገን ሲሆኑ በጅምላ ሞዱሌሽን ይባላሉ፤ ተግባራቸው ጸንቶ የቆመውን ድምፅ ማወዛወዝ ነው። ትሬሞሎ የድምፁን ጉልበት ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ኮረስ የድምፁን ቅጂ ከ15 እስከ 30 በሚደርስ የሴኮንድ ሺኛ ያህል አዘግይቶ፣ የመዘግየቱንም ልክ ያለማቋረጥ እየለዋወጠ ከዋናው ጋር ይቀላቅለዋል። መዘግየቱ በተለወጠ ቁጥር ቅጂው ጥቂት ስለሚቀጥንና ስለሚወፍር አንዱ ዘፋኝ ሁለት ወይም ሦስት መስሎ ይሰማል። የመዘግየቱ መጠን ከ10 የሴኮንድ ሺኛ በታች ሲወርድና የወጣው ድምፅ ተመልሶ ወደ መሣሪያው ሲገባ ደግሞ ፍላንጀር ይሆናል፤ ጄት አውሮፕላን በላይ አልፎ ሲሄድ የሚሰማውን የመሰለ ጠራጊ ፉጨት ያሰማል።

ኮረስ የሚያስመስለው ነገር ለኢትዮጵያ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ማሲንቆው የዘፋኙን ዜማ ሲከተል ጥቂት ይዘገያል፣ ጥቂትም ያጋድላል። የሠርግ ዘፈን ተቀባዮች በአንድ ዜማ ሲመልሱ ማንም ከማንም ጋር ፍጹም አይገጥምም። የሕዝብ ዘፈን ያ ሁሉ ሙላትና ሙቀት የሚመጣለት ከዚሁ አለመግጠም ነው። መሣሪያው የአሥር ሰው ሥራ በአንድ ሰው ጉሮሮ ላይ ሊያደርስ ይሞክራል ማለት ነው።

ማወዛወዝ ስለ ርቀትና ስለ ቦታ እንዲናገር የተደረገበት ዝነኛ ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1966 በለንደን አቤይ ሮድ፣ በኢ.ኤም.አይ. ስቱዲዮ የተቀረፀው የቢትልሶች «ቱሞሮው ኔቨር ኖውስ» ነው። ጆን ሌነን ድምፁ ከተራራ ጫፍ ላይ ሆኖ እንደሚያዜም የዳላይ ላማ ድምፅ እንዲመስልለት ጠየቀ። የተለመደው መልስ ገደል ማሚቶ መጨመር ነበር። ያኔ የ20 ዓመት ወጣት የነበረው የድምፅ መሐንዲስ ጄፍ ኤምሪክና ባልደረቦቹ ግን የዘፈኑን ሁለተኛ አጋማሽ ለሃሞንድ ኦርጋን በተሠራው፣ ሌስሊ በሚባለው ተሽከርካሪ ድምፅ ማጉያ ውስጥ አሳለፉት። ቀንዱ እየዞረ ወደ ማይክሮፎኑ ሲመጣና ሲርቅ ድምፁ ይቀጥናል፣ ይወፍራል፣ ይጎላል፣ ይደበዝዛል። ለመጀመሪያው አጋማሽ ደግሞ ኬን ታውንሰንድ በዚያው ዓመት የፈጠረው የማጠፊያ ዘዴ አገለገለ፤ ይኸውም ሁለተኛ የቴፕ ማጫወቻ ፍጥነቱ በጥቂቱ እየተለዋወጠ የዘፋኙን ድምፅ ከራሱ ጋር እንዲያስከትል ማድረግ ነው። ሌነን ተደራቢ ድምፅ ለማስገኘት አንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ መዝፈን ስለሚሰለቸው ፈጠራው ተመቸው። ከዚህ ሥራ የሚወሰደው ቁም ነገር ርቀት በማራዘም ብቻ እንደማይሳል ነው። የሚንቀሳቀስ ድምፅ፣ ጅራት ባይኖረውም እንኳ፣ በሰሚው ፊት ሰፊ ቦታ ይከፍታል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቶሚ ጄምስና ሾንዴልስ «ክሪምሰን ኤንድ ክሎቨር» በተሰኘው ዘፈናቸው የዘፋኙን ድምፅ በጊታር ማጉያ ትሬሞሎ አንቀጥቅጠውታል። ይህም ለመጨረሻው ክፍል ተቆጥቦ የቆየ በመሆኑ ተሳክቷል፤ ከመጀመሪያው ስንኝ ቢጀመር ኖሮ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ማንም አያስተውለውም ነበር።

ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ ሣጥን ውስጥ የተዋሐዱት ግን በዲጂታል መሣሪያ ዘመን ነው። የጀርመኑ ኢ.ኤም.ቲ. ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው 140 የተባለው ሪቨርብ በሣጥን ውስጥ የተወጠረ ሁለት ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ስስ የብረት ገበታ ነበር፤ ክብደቱ 270 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ያው ኩባንያ በ1976 ያወጣው 250 ከሪቨርቡ ሌላ ኮረስንም ይዞ መጣ። በ1978 ብቅ ያለው የሌክሲከን 224 ደግሞ ማወዛወዙን ከሪቨርቡ ሆድ ውስጥ አስገባው። ምክንያቱ የሥራ ችግር ነበር፦ በስሌት የሚፈጠር ገደል ማሚቶ መመላለሻዎቹ ባሉበት ከረጉ እንደ ቆርቆሮ ይጮኻል፤ መዘግየታቸው ቀስ ብሎ ከተለዋወጠ ግን ጩኸቱ ይሰበርና ጅራቱ ይለሰልሳል። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት የተሠሩ ዘፈኖች ያላቸው ለስላሳ ብርሃን በከፊል የዚህ የተሰወረ ውዝዋዜ ውጤት ነው።

በቅንብር ጊዜ የሚነሣው ዋና ጥያቄ ማን ይቅደም የሚለው ነው። ኮረሱ በቀጥታ በድምፁ ላይ ከተጫነና ሪቨርቡ ከተከተለ፣ እያንዳንዱ ቃል አስቀድሞ ይበዛል፣ የበዛውም ይራዘማል፤ ዘፋኙ ከአድማጩ ፊት ይነሣና ጭጋግ ውስጥ ይገባል። ኮረሱ ከሪቨርቡ በኋላ ከመጣ ክፍሉ ራሱ ይወዛወዛል። ውዝዋዜው በሴኮንድ ከአንድ ዙር በታች ሆኖ ሲዘገይ ደስ ያሰኛል፤ ሲፈጥን ግን እንደ መርከብ ጉዞ ያጥወለውላል። ሦስተኛው መንገድ ደረቁን ድምፅ ሳይነኩ፣ ቅጂውን ብቻ በሌላ መስመር ወደ ኮረስና ወደ ሪቨርብ መላክ ነው። በዚህ ጊዜ አፉ በቦታው ይጸናል፤ የሚንቀሳቀሰው ከጀርባው ያለው አየር ነው። ለአማርኛ ዘፈን የሚበጀው ይኸኛው ነው፤ ይህም የምርጫ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ከቋንቋው ጠባይ የሚመነጭ ነው።

አማርኛ ቃላትን በማጥበቅና በማላላት ይለያል። «ይመታል» ሲላላ መቺው እርሱ ነው፤ ሲጠብቅ ተመቺው እርሱ ነው። «ይበላል»ም እንዲሁ። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። «ገና» አንዴ ያልደረሰ ጊዜ፣ አንዴም በዓል ነው። በ«ይመታል» ውስጥ «ታ» ጠበቀ የሚባለው ምላስ ከጥርስ ሥር ጥቂት ቆይታ አየሩን ስለምትዘጋ ነው፤ የሁለቱ ቃላት ልዩነት በአብዛኛው በዚያች ቅጽበታዊ ዝምታ ላይ ተንጠልጥሏል። ረጅም ሪቨርብ የቀደመውን አናባቢ ጅራት ጎትቶ ዝምታዋን ይሞላታል። ኮረስ ሲታከልበትም ጅራቱ ይወፍራል። አድማጩ «ይመታል» ሲባል ማን እንደተመታ ከአገባቡ ለመገመት ይገደዳል፤ ግጥሙ ሰምና ወርቅ ካለውና ወርቁ ያለው በመጥበቁ ላይ ከሆነ ግን አገባቡም አያድነውም። የድምፅ ቅንብር መመሪያዎችና የመሣሪያዎቹ ዝግጁ ልኮች በብዛት የመጡት የተናባቢ ርዝመት የቃልን ፍቺ በማይለውጥበት በእንግሊዝኛ ዙሪያ ነው። ጣሊያኖችና ፊንላንዶች ይህን ችግር ይረዱታል፤ ልኩን አውጥቶ እንዳለ መገልበጥ ግን በአዲስ አበባ የተለመደ ነው።

መድኃኒቱ ሪቨርቡን መጣል አይደለም። የሪቨርቡን መነሻ ከ40 እስከ 80 የሴኮንድ ሺኛ ማዘግየት የቃሉ መነሻ ጠርቶ እንዲሰማ ይረዳል፤ ሆኖም የቀደመውን አናባቢ ጅራት አያጠፋውምና የጠበቀውን ቀለም በሙሉ አያድንም። የተሻለው ዘዴ ዘፋኙ እያዜመ ሳለ ሪቨርቡ በራሱ ዝቅ እንዲል፣ ስንኙ ሲያልቅ እንዲነሣ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይሻል፦ የመነሣቱ ፍጥነት ከጠበቀው ቀለም ዝምታ የቀደመ እንደሆነ ሪቨርቡ ያችኑ ክፍተት ጠብቆ ብቅ ይላል። የሴኮንድ ሩብ እስከ ግማሽ ቢሰጠው የስንኙ መጨረሻ ያምራል፣ መካከሉም ይጠራል።

ቅላጼውም የራሱ ጥያቄ አለው። የትዝታ፣ የባቲ፣ የአምባሰልና የአንቺሆዬ ቅኝት ዘፋኞች ዋናውን ድምፅ የሚከብቡት በጥቃቅን መታጠፊያዎች ነው፤ በአንቺሆዬ የግማሽ ቶን ርቀት ብቻ ያላቸው ድምፆች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ቅጂው ሰፊ ውዝዋዜ ካገኘ መታጠፊያው የዘፋኙ ይሁን የመሣሪያው መለየት ያስቸግራል። የሠለጠነ ጉሮሮ በሴኮንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ይርገበገባል፤ ኮረሱ ከዚያ አጠገብ ከቀረበ ሁለቱ ይጣላሉ፤ እጅግ ከዘገየ ግን ጎን ለጎን ይኖራሉ።

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ባቋቋመው አምሃ ሪከርድስ የወጡትን ሸክላዎች የሚወድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያመሰግነው «ያልተነካ» የሚለውን ድምፅ ነው። ምስጋናው ልክ ቢሆንም ምክንያቱ ሁልጊዜ ልክ አይደለም። ድምፃዊው ከባንዱ ጋር በአንድነት በሚቀረፅበት ሥራ አንዱ ማይክሮፎን የሌላውን ድምፅ ይሰማል፤ ያ መደራረብ ራሱ ክፍልና ውዝዋዜ ነው። ዛሬ ዘፋኙ ለብቻው በተዘጋ ጠባብ ክፍል ሲቀረፅ ያን አየር ያጣል፤ ስለዚህ የጠፋውን ለመመለስ መሣሪያ መጠቀም ነውር ሊባል አይገባም። ነውሩ የሚጀምረው ያልገጠመ ዜማ በጭጋግ ሲሸፈን ነው። ይህም በቀላሉ ይታወቃል፤ ሪቨርቡ በጨመረ ቁጥር ግጥሙ እየቀነሰ ይሄዳልና።

ሌላም ፈተና አለ። ሰፊ ኮረስ ስፋቱን የሚያገኘው የግራውንና የቀኙን ድምፅ በተቃራኒ አቅጣጫ በማወዛወዝ ነው። ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ዳይሜንሽን ዲ፣ አራት ቁልፎች ብቻ ያሉት መሣሪያ፣ እስከ ዛሬ የሚወደደው ይህን በቁጥብነት ስለሚያደርገው ነው። ዘፈኑ ግን የሚሰማው በስቱዲዮ ብቻ አይደለም፤ በሚኒባስ ታክሲ፣ በስልክ፣ በሱቅ ደጃፍ በተሰቀለ አንድ ማጉያ ይሰማል። በዚያ ግራና ቀኙ አንድ ላይ ሲደመሩ ተቃራኒዎቹ እየተጠፋፉ፣ ሰፍቶ የነበረው ድምፅ ይሳሳል። ደረቁ መስመር ሳይነካ ከቆየ ድምፃዊቷ በቦታዋ ትገኛለች። አለዚያ እርሷ ወደ ኋላ ታፈገፍጋለች፤ ከበሮውና ኪቦርዱ ግን እዚያው ናቸው።