አልበም የካሴት ልጅ ነው፦ የ1970ዎቹ ካሴቶች ዳግም ሲደመጡ

ስለ ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሲጻፍ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ትረካ አለ። “ወርቃማው ዘመን” በንጉሡ የመጨረሻ ዓመታት አበበ፣ ደርግ ሲመጣ ከሰመ ይላል። የትረካው ማስረጃ ሸክላ ነው። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ ሬከርድስን ካቋቋመ ጀምሮ የሸክላ ኅትመት እስከቆመበት እስከ 1978 ድረስ 500 ገደማ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችና 30 ገደማ ሎንግ ፕሌዮች ወጥተዋል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በ“ኢትዮፒክስ” ተከታታይ ለዓለም ያሰማው ሙዚቃም በአብዛኛው ከዚሁ ክምችት የተቀዳ ነው። የፋልሴቶ ውለታ አይካድም። ሆኖም ሸክላን ብቻ መለኪያ ያደረገ ታሪክ ሸክላው ያለቀበትን ቀን የሙዚቃው ማለቂያ አድርጎ ይቆጥራል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1970ዎቹ የወጡ ካሴቶች ተመልሰው ሲደመጡ የሚታየው ሌላ ነው፦ ዛሬ አልበም የምንለው ሥራ በአገራችን መልክ የያዘው በዚያ የውድቀት በተባለው ዘመን ነው።

ከላይ የተጠቀሱት አኃዞች ራሳቸው ይህን ያመለክታሉ። የሸክላው ዘመን የነጠላ ዘፈን ዘመን ነበር። ዘፋኙ በአንድ ፊት አንድ፣ በሌላው ፊት ሌላ ዘፈን ይዞ ይቀርባል፤ ሁለቱ የሚዛመዱበት ግዴታ የለም። ካሴት ግን አሥር ያህል ዘፈን ይጠይቃል፤ አሥር ዘፈን ደግሞ ዕቅድ ይፈልጋል። አንድ ድምፅ አድማጩን ሳያሰለች ያን ሁሉ ጊዜ እንዲዘልቅ ትዝታው ከችክችካው፣ ቀዝቃዛው ከሞቅ ያለው ጋር መመጣጠን አለበት። የትኛው ዘፈን ካሴቱን ይከፍታል፣ ካሴቱ ሲገለበጥ የትኛው ይቀድማል የሚለው የጥበብ ጥያቄ ሆነ። ሥራውም ተከፋፈለ። ግጥሙን እንደ ይልማ ገብረአብና ዓለምፀሐይ ወዳጆ ያሉ ደራስያን ይጽፋሉ፤ ዜማውን እንደ አበበ መለሰ ያሉ ይደርሳሉ፤ ባንዱ ያቀናብራል፤ ሙዚቃ ቤቱ ገንዘቡን አውጥቶ ያባዛል፣ ያከፋፍላል። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የዘለቀው የአልበም አሠራር ይኸው ነው። አደማመጡም ተለወጠ። ሰዓት እላፊ ከተማውን በጊዜ ወደ ቤት በሚያስገባበት ዘመን፣ ባንድ በሚጫወትባቸው ሆቴሎች እስኪነጋ በር ተዘግቶበት ማምሸት የሚችለው ጥቂት ሰው ነበር። ለሌላው ምሽቱን የሚያሳልፍበት ሙዚቃ በቴፕ የሚሰማው ካሴት ነው፤ ያውም እየተደጋገመ።

ሎንግ ፕሌይ ቀድሞ ነበረ አይደለም ወይ የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት ነው። የሙላቱ አስታጥቄ “ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ” እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ላይ፣ የማህሙድ አህመድ “ኧረ መላ መላ” በ1975፣ የዋልያስ ባንድ “ጨ በለው” በ1977 በሸክላ ወጥተዋል፤ ሦስቱም ትልልቅ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን ከነጠላዎቹ ብዛት አንጻር ሎንግ ፕሌይ ልዩ አጋጣሚ እንጂ ልማድ አልነበረም፤ አንዳንዱም ቀድሞ የወጡ ነጠላዎች ስብስብ ነው። ቅርጹን ከልዩ አጋጣሚነት አውጥቶ የእያንዳንዱ ዘፋኝ መታያ ያደረገው ካሴት ነው። ክራምድ የተባለው የቤልጅየም አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1986 ማህሙድን ለአውሮፓ ሲያስተዋውቅ የመረጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1970ዎቹን ቅጂ መሆኑ፣ የውጭው ጆሮ አዲስ አበባ በዚያው ዓመት ከምትሰማው ምን ያህል ወደኋላ እንደነበረ ያሳያል።

የሚከብደው ተቃውሞ የድምፁ ነው። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች ያፈሩት የነሐስ መሣሪያ ጉልበት በካሴቶቹ ላይ ሳስቷል፤ ቦታውን ኦርጋንና ሲንተሳይዘር ይዘውታል፤ ቅጂውም ብዙ ጊዜ ደብዛዛ ነው። ይህ ኪሳራ መሆኑን መካድ አያስፈልግም። ግን የቀረውን መስማት ይገባል። ከአይቤክስ የወጣው ሮሃ ባንድ ለብዙ ዘፋኞች የተጫወተባቸውን ካሴቶች ልብ ብሎ የሚያዳምጥ፣ የጆቫኒ ሪኮ ቤዝ ዜማውን ከሥር ሲመራ፣ የሰላም ስዩም ጊታር ከዘፋኙ ጋር ቃል ሲመላለስ፣ የዳዊት ይፍሩ ኪቦርድ የነሐሱን ምላሽ ተረክቦ ሲያለሰልስ፣ የፈቃዱ አምደመስቀል ሳክስፎን ጥቂት ገብቶ ብዙ ሲናገር ይሰማል። የነሐሱ ጩኸት ሲቀንስ ለድምፁና ለግጥሙ ቦታ ተለቀቀ፤ እነ ኤፍሬም ታምሩና ነዋይ ደበበ የደረሱበት የድምፅ ቅርበት ያለዚህ ሰፊ ቦታ የሚታሰብ አይመስለኝም። የኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. የ1985 ካሴት ደግሞ ክርክሩን ይዘጋዋል። ኃይሉ ዋሽንግተን ሆኖ፣ በአኮርዲዮን፣ በሲንተሳይዘርና በከበሮ ማሽን የቆዩ ዜማዎችን አዲስ አደረጋቸው። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳግም ሲታተም ዓለም እንደ ግኝት ተቀበለው። ማሽን ነፍስ ያጠፋል የሚለው ፍርድ ለዚህ ሥራ መልስ የለውም።

እንደ ሮሃ ያለ አንድ ባንድ ብዙ ካሴት ሲያጅብ አጃቢው መመሳሰሉ አልቀረም፤ ይህን ነቀፋ እቀበላለሁ። መግቢያዎቹ ይደጋገማሉ፣ አንዳንዱ ቅንብር በችኮላ የተሠራ ነው። ሳንሱሩም ግጥሙን ወደ ፍቅር ገፍቶታል። ይሁንና እያንዳንዱን የናፍቆት ዘፈን የተደበቀ ፖለቲካ አድርጎ መፍታት ሌላ ስሕተት ነው፤ ጦርነትና ስደት ባለያየው ሕዝብ ዘንድ ናፍቆት ሰም ሳያስፈልገው ራሱ ወርቅ ነበር።

ዛሬ እነዚህ ሥራዎች በኢንተርኔት የሚገኙት ተበጣጥሰው ነው። ዘፈኑ አለ፤ ቅደም ተከተሉ፣ የካሴቱ ሽፋንና በሽፋኑ ላይ ያሉት የገጣሚ፣ የዜማ ደራሲና የተጫዋች ስሞች ግን ብዙ ጊዜ የሉም። ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትና ብሔራዊው ቤተ መዛግብት ካሴቶቹን ከነሽፋናቸው፣ እንደወጡበት ቅደም ተከተል ሊሰበስቡና ወደ ዲጂታል ሊያዛውሩ ይገባል። የድሮ ካሴት በሳጥን ያኖራችሁ አንባብያንም፣ ክሩ ቢበላሽ እንኳ ሽፋኑን አትጣሉ።